ሥልጠና ይሰጣል

ሰው በገዛ ሙያው ለሥልጠና ሲጠራ ምን እንደሚሰማው የማያውቅ ካለ፣ አንድ ቀን ሚስቱ ባለሙያ ቀጥራ “እስኪ እንዴት እንደሚጎረስ ታሳይህ” ትበለውና ይሞክረው። እኔ መካነ ሰላም ላይ ድርሰት ሳስተምር ጠጉሬ ከግንባሬ ሸሽቷል። የተማሪ ድርሰት ማረም ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ “ላም” በሚል ርእስ ይጽፋል። ላሚቱም በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አራት እግር፣ ሁለት ቀንድና አንድ ጅራት ይዛ ትመጣለች። የዚህችን ላም እግር ስቆጥር ዓመቱን ጨርሼ፣ ክረምቱ ገብቶ፣ ደጎሎ እናቴ ዘንድ ሄጄ የገብስ እሸት ልበላ ጓዜን ሸክፌ ሳበቃ፣ ድርሰት ማስተማርን የሚያስተምረኝ ሰው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው ተባልኩ። መቅረት አይቻልም።

ዝም አላልኩም። ድርሰት ማስተማር እንደማውቅ፣ ለእናቴም አንድ ልጇ እንደሆንኩ ዘርዝሬ ማመልከቻ ጻፍኩ። መልሱ፣ “ማመልከቻዎ ራሱ ሥልጠናው በጣም እንደሚያስፈልግዎ ያሳያል” የሚል ሆነ። ይህን መልስ የጻፈው ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም ነበር።

ዘመኑ ዘውዱ ሊወርድ አንድ ዓመት ያህል የቀረው ነው። ያን ክረምት በደጋው ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ቆላው ግን ያለፈውን ዓመት ሰማይ ሰማይ እያየ ባዶውን ቀርቷል፤ አሁን ቢዘንብለትስ ምን ይዘራል? ዘሩን በልቶታል። ስለዚህ ሰዉ ከወግዲ በታች ካለው ቆላ እየወጣ፣ ከተማችንን አቋርጦ ወደ አቀስታ፣ ከዚያም እግሩ ካደረሰው ወደ ደሴ ይተም ነበር። ሁላችንም እናያለን። የምናየው ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስም አልነበረውም። “የእህል መወደድ” ይባላል፤ ሲብስም “ጊዜያዊ ችግር”። ረሃብ የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሠራተኛ፣ የት እንዳየ፣ ማን እንደነገረው፣ ማንስ እንደላከው ይጠየቃል። እኛም የመንግሥት ደመወዝ በላተኞች ነንና ቃሏን በአፋችን ብቻ፣ ያውም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንላት ነበር።

አሠልጣኛችን አቶ ይልማ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሰው የማያመናጭቁ ሰው ናቸው። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ፤ ክፉ ቢሆኑ መጥላት ይቀለኝ ነበር። አድርገውት የመጡትን የሚያብለጨልጭ ጫማ የመካነ ሰላም ጭቃ በመጀመሪያው ቀን ዋጠው። ከዚያ ወዲያ በውሰት የላስቲክ ቦቲ እየተንቦጫረቁ ስለ ቋንቋ ውበት ያስተምሩን ጀመር።

ትምህርታቸው ባጭሩ ይህ ነው። ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ሊኖረው ይገባል፤ ዓረፍተ ነገርም ራቁቱን አይቆምም። ለልምምድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ሲሉን፣ እኔ በመስኮት እያየሁ “በጉ ታስሯል” ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፤ ለመዝጊያው ግብዣ የተገዙ ሁለት ሙክቶች ግቢው ውስጥ ታስረው ነበር። አቶ ይልማ አነበቡትና ከልባቸው አዘኑ። በጌ ምንም እንዳልለበሰ ነገሩኝና እሳቸው አለበሱልኝ። “ያ የዋህ፣ ያ ፀጉረ ሐር በግ፣ የዕጣ ፈንታውን ገመድ በትዕግሥት ተሸክሞ ቆሟል” ሆነ። ከጎኔ የተቀመጡት ጋሽ እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በጉ ይህን ቢሰማ ገመዱን በጥሶ ይሄድ ነበር አሉኝ።

ጋሽ እንድሪስ ከአቀስታ በእግራቸው የመጡ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚያስከነዱ መምህር ናቸው። ነገር አያበዙም። አንድ ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን ገፍተን ጎን ለጎን ነበር የምንተኛው፤ ሰግደው ሲጨርሱም “ቁጣህን ያብርድልህ” እያሉ ዱዓ ያደርጉልኛል። ዱዓቸው ለጊዜው አልደረሰም።

የምንበላው አላጣንም። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ስንዴው፣ ሽሮው በትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተከምሯል፤ ቁልፉም አቶ ይልማ ኪስ ውስጥ ነው። እኛ ንፍሯችንን ቆርጥመን ስለ መግቢያ ስንማር፣ ከቆላ የወጣው ሰው አጥራችን ሥር ነጠላውን ተከናንቦ ዝናቡን ያሳልፋል። አንዳንዱ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ አያሳልፍም። እኔም ይህን በመስኮት እያየሁ መግቢያዬን አሳምር ነበር። ስንቱን ልናደድ?

ነገሩ ከዚህ የባሰው አቶ ይልማ ሠርቶ ማሳያ ካልተደረገ ሥልጠናው ሥልጠና አይደለም ብለው ሲነሡ ነው። ሠርቶ ማሳያ ማለት፣ አንዱ መምህር እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ሌሎቻችን ከኋላ ተቀምጠን ስሕተቱን እንለቅማለን። ለማስተማር የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ መቼም አይቀርልኝም። ግን ክረምት ነው፤ ተማሪው ሁሉ ወደ አገሩ ሄዷል። አቶ ይልማ ለዚህም መላ አላጡም። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚለፈፍ ማስታወቂያ በእጃቸው ጻፉና፣ ጥሩ አጻጻፍ ምን እንደሚመስል እንድናይ ብለው አነበቡልን።

“የድርሰት አጻጻፍን የማስተማር ዘዴ ለማዳበር በተዘጋጀው ሴሚናር ላይ በሠርቶ ማሳያነት ለመሳተፍ የሚሹ ሁሉ፣ ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ተገኝተው እንዲመዘገቡ እያሳሰብን፣ ለተመዘገቡት ተሳታፊዎች ተገቢው ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ መሆኑን በትሕትና እናስታውቃለን።”

አጨበጨብን። አዎ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የገበያው ለፋፊ ሙሔ ይባላል። ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ አስነበበኝ፤ ደግሜ ሳነብለት በመሀሉ ሁለት ጊዜ አዛጋ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጣና ድምፁን ለቀቀው። ሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት፣ ስም ይጻፋል፤ በነጻ ይሰጣል። ይኸው ነው። ምን እንደሚሰጥ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። በዚያ ክረምት “ስም ይጻፋል፣ ይሰጣል” የሚለውን የሰማ ሰው፣ ድርሰት ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠይቅበት ሆድ አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዝናቡ ያካፋል፤ ሰዉም ስልቻውን፣ አቁማዳውን፣ የሌለውም የነጠላውን ጫፍ ይዞ ተሰልፏል። ወሬው በአንድ ቀን ውስጥ እስከ ቆላው አፋፍ ወርዶ ተመልሷል። ሰልፉን ተከትዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሽ እንድሪስ አንዲት የተማሪ ጠረጴዛ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ረጋ ብለው ስም ይጽፋሉ።

“ጋሽ እንድሪስ፣ ምን እያደረጉ ነው?” አልኳቸው።

“እየመዘገብኩ።”

“እህል የሚታደል መስሏቸው እኮ ነው የመጡት።”

“ማስታወቂያው የሚሹ ሁሉ ይመዝገቡ ነው ያለው” አሉ ቀና ሳይሉ። “እነዚህም ሽተው ነው የመጡ።” ቀጥለውም የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠየቁ።

ለሕዝቡ እውነቱን መናገር የእኔ ዕዳ ሆነ። ደረጃው ላይ ወጥቼ፣ እህል እንደሌለ፣ የሚሰጠው ትምህርት እንደሆነ፣ እሱም ስለ ድርሰት እንደሆነ ተናገርኩ። ድርሰት የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ አፈርኩበት። ከሰልፉ መሀል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወጡ፤ አንድ መቆም የተሳናቸው ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ ተደግፈዋል። ሴትዮዋ ሰዓዳ ይባላሉ፤ ሽማግሌው ባላቸው አባ ይመር ናቸው።

“ስማችን ተጽፏል” አሉኝ እትዬ ሰዓዳ። “የጻፈን ሰው ይኸው ቁጭ ብሏል። ጽፋችሁ የማትሰጡ ከሆነ ለምን ጻፋችሁን? ለግብር ነው?”

ግብር ሲሉ ሰልፉ ተንጫጫ፤ አንዳንዱም ስሙ እንዲፋቅለት ጠየቀ። በዚህ መሀል አቶ ይልማ በቦቲያቸው እየተንቦጫረቁ መጡ። ግቢውን አዩ፤ ስልቻውን አዩ፤ የሆነው ነገር ገባቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰዉ እንዲበተን የሚያዙ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በፕሮግራም የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ፕሮግራሙም ሠርቶ ማሳያ ይላል። ቢያንስ ትምህርቱን እናሳያቸው አሉ፤ ከዚያ በኋላ ይሄዳሉ። ወደ የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኳቸውም።

እናም አስተማርኩ። አንድ ክፍል ሙሉ የራበው ሰው በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ፣ የተረፈው በመስኮት እያየኝ፣ የአማርኛ መምህራኑ ከኋላ ተደርድረው ስሕተቴን ሊለቅሙ እየጠበቁ፣ እኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ የመጣልኝን ርእስ በጠመኔ ጻፍኩ፤ “የክረምቱን ዕረፍት እንዴት አሳለፍኩ?” ጮክ ብዬም አነበብኩት፤ ማንበብ የሚችል አልነበረማ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቀልድ መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም።

የመለሱልኝ እትዬ ሰዓዳ ናቸው፤ ለእኔ አዝነውልኝ ይመስለኛል። በሬያቸውን እንደሸጡ ነገሩን። ከዚያ ላሚቱን ሸጡ፣ ከዚያ የቤቱን ጣውላ። ወንድ ልጃቸው ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ ደሴ ወጣ፤ ከወጣ ወዲህ ወሬ የለም። ሽማግሌያቸው አልሄድም፣ ቤቴ ልሙት ብለው ነበር፤ እሳቸው ግን ጎትተው አወጧቸው። “ይኸው እንግዲህ” አሉ።

አቶ ይልማ የግምገማ ጊዜ ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው በዚያች ሰዓት የሚያደርጉት ነገር ጠፍቷቸው ወደሚያውቁት መሸሻቸው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም። የተሳታፊዋ አገላለጽ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ መሆኑን አመሰገኑ፤ ነገር ግን መግቢያ ይጎድለዋል አሉ፤ መደምደሚያውም ገና ነው።

ጠመኔው እጄ ውስጥ ተሰበረ። ከኋላ የተደረደሩትን ሁሉ እያየሁ፣ ለወራት በሹክሹክታ ስናገራት የኖርኩትን ቃል በሙሉ ድምፄ ተናገርኳት። “እነዚህ ሰዎች ርቧቸዋል። መጋዘናችን ሙሉ ነው። መግቢያውም፣ ሐተታውም፣ መደምደሚያውም ይኸው ነው።”

ከመምህራኑ አንዳንዱ ወደ በሩ፣ አንዳንዱ ወደ ጣሪያው አየ። ከሥራ የሚያስባርር ቃል ነበርና አልፈርድባቸውም። ትንሽ እፈርድባቸዋለሁ። በዚህ መሀል ጋሽ እንድሪስ ተነሡና፣ አንድ ተራ የአሠራር ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው፣ “አቶ ይልማ፣ ተሳታፊ ምሳ ይበላል አይደል?” አሉ።

“ተሳታፊ… አዎ፤ ተሳታፊ ይበላል።”

“እነዚህ ደግሞ ተመዝግበዋል።”

አቶ ይልማ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የመጋዘኑን ቁልፍ አውጥተው ጋሽ እንድሪስ እጅ ላይ አስቀመጡ። አንድም ያማረ ቃል አልጨመሩበትም።

ባቄላና ስንዴውን በበርሜል ቀቀልን። ሙክቶቹም ታረዱ፤ አንዱን እስላም አንዱን ክርስቲያን ባረከው። የክርስቲያኑ ወገን ፍልሰታን እየጾመ ስለነበር ሥጋውን የሚበላው ጠፍቶ ክርክር ተነሣ፤ አንድ ቄስ መጥተው የታመመና ሕፃን ይብላ ብለው ጨረሱት። አቶ ይልማ ግንቡን ተደግፈው ቆመው ቀሩ። እትዬ ሰዓዳ አይተዋቸው፣ “ና አረፍ በል ልጄ፤ ያንተ ስም አልተጻፈም እንዴ?” አሏቸውና ከንፍሮው ዘግነው ሰጧቸው። አሠልጣኛችን ወንበር ሳይሹ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው በሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላችኋል። አላበቃም። በሦስተኛው ቀን አንድ ከፍ ያለ ሹም በላንድሮቨር ከተፍ አሉ። ሴሚናሩን ሊጎበኙ ነው የመጡት፤ ግቢው ውስጥ ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ “እነዚህ ምንድን ናቸው?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለእኔ ነበር። ያቺን ቃል አንድ ጊዜ ተናግሬያታለሁና ልደግማት አፌን ስከፍት፣ አቶ ይልማ ቀደሙኝ።

“ተሳታፊዎች ናቸው፣ ጌታዬ” አሉ። “የድርሰት ሥልጠና ተሳታፊዎች።”

ሹሙ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ያዩትን አይተዋል፤ ዓይን አላቸው። ግን መልሱ ተስማማቸው፤ እጅግ ተስማማቸው። ከመኪናቸው ወርደው ንግግር አደረጉ። የአገራችን ገበሬ በእርሻ ወራት እርፉን ጥሎ ወደ ትምህርት መጉረፉ እንዳስደሰታቸው፣ ለእንዲህ ያለ ትጋት የማይሰጥ ነገር እንደሌለ ተናገሩ። በሬውን የሸጠ ሰው እርፍ ይዞ ምን እንደሚያደርግ ግን አላብራሩም። ሲያበቁም ሥልጠናው እስከ መስከረም እንዲራዘም፣ ለተሳታፊዎቹም በቁጥራቸው ልክ ቀለብ እንዲላክ አዘዙ።

ይህን አስቡልኝ። ለራበው ሰው እህል የለም፤ የራበው ሰው የለምና። ለሠልጣኝ ግን አለ። ሰውየው ራበኝ ብሎ ቢመጣ በዱላ ይመለሳል፤ ዓረፍተ ነገር ማስዋብ አማረኝ ብሎ ቢመጣ ስንዴ ይሰፈርለታል። እኔ እስከ ዛሬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም። እናቴንም ያን ክረምት ሳላያት ቀረሁ።

ቀለቡ የሚመጣው በተገኘው ሰው ቁጥር ስለሆነ፣ በየጠዋቱ ስም መጥራት ግድ ሆነ። ጠሪው አቶ ይልማ ናቸው። የተጠራው “አለሁ” ይላል፤ እሳቸውም ከስሙ ጎን “አለ” ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ እኔ ሀ ሁ አስተምራለሁ። ጥቂቶቹ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። እትዬ ሰዓዳ ግን ፊደል ላሳይዎ ብላቸው፣ እህሉ ሲመጣ ብቻ ተማሪ እንደሆኑ ነግረውኝ፣ ባላቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት አቶ ይልማ የአባ ይመርን ስም ጠሩ። መልስ የለም። ደገሙት። እትዬ ሰዓዳ፣ “አለ” አሉ፤ “ይኸው እዚሁ ነው።” እውነትም እዚያው ነበሩ፤ ጭንቅላታቸው ሚስታቸው ትከሻ ላይ ነው። ጋሽ እንድሪስ ተነሥተው ሄደው፣ ጎንበስ ብለው አዩ፤ በቀስታም ዓይናቸውን ከደኑላቸው። “አብሽሪ፣ ሰዓዳ” አሉ። “ወደ አላህ ሄዷል።”

እትዬ ሰዓዳ አላለቀሱም። ባላቸው ይወድቁ ይመስል ይዘዋቸው ቆዩ።

አቶ ይልማ ብዕራቸውን አስቀመጡና ኮታቸውን አውልቀው ሽማግሌውን አለበሷቸው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ በማይሆን ቦቲ፣ ሲንሸራተቱ እየተነሡ እስከ መቃብሩ ወጡ። ፊት ለፊታቸው የተሸከምኩት እኔ ነበርኩና ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ንዴቴ የት እንደሚያርፍ ጠፋው።

በማግስቱ ስም ሲጠራ፣ የአባ ይመር ስም ተዘሎ የሚታለፍ መስሎኝ ነበር። አቶ ይልማ ግን ጠሩት። ማንም ሳይመልስ፣ ከስሙ ጎን “አለ” ብለው ጻፉ። ቀሪ ብለው ቢጽፉ ከቀለቡ ይቀነሳልና፣ የሽማግሌው ድርሻ ለእትዬ ሰዓዳ እንዲደርስ ነው። ከዚያ በኋላም ሌሎች ሞቱ፤ ሁሉም በወረቀት ላይ እንዳሉ ኖሩ። እስከ መስከረም ድረስ አንድም ሰው ያልቀረበት፣ አገር ያላየው ትጉ ክፍል ነበረን።

መስከረም ሲጠባ ቀለቡ አበቃ። አቶ ይልማ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም። የተረፈው ሰው ግማሹ ወደ ደሴ ቀጠለ፤ ግማሹ፣ ከነሱም ጋር እትዬ ሰዓዳ፣ ወደ ቆላው ተመለሰ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ዘውዱ ወረደ። ረሃብ የሚለው ቃል ድንገት ክልክል መሆኑ ቀረና በየሬዲዮኑ ይነገር ጀመር። እኔም ተመስገን አልኩ። ወደ ገጠር ከተላኩት ዘማቾች ጋር የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ወጣት፣ የዘር እህል የሚታደልባቸውን ቦታዎች ለማጥናት መካነ ሰላም ደረሰ። ለሌላ ጉዳይ ከመጡት ከጋሽ እንድሪስ ጋር ሆነን ተቀበልነው። ልጁ ቅን ነበር፤ ጢሙን አሳድጎ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። የእኛ አካባቢ ግን የዘር እህል እንደማያስፈልገው ነገረን። ወረቀቶቹን አይቷቸዋል። በዚያ ክፉ ክረምት ሌላው አገር ሲያልቅ እዚህ ሥልጠና ነበር፤ ሕዝቡ በሙሉ በየቀኑ ተገኝቷል፤ አንድም ቀሪ የለም፤ የሞተም አልተመዘገበም።

ክንዱን ያዝኩት። ጎትቼ ወሰድኩት ማለት ይሻላል። በመስጊዱ በኩል ወዳለው መቃብር አወጣሁት፤ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፤ ጋሽ እንድሪስም ከኋላችን ተከተሉን። አፈሩን ገና በቅጡ ሣር አልሸፈነውም። ይህ ተሳታፊ ነው፣ ያ ተሳታፊ ነው እያልኩ አሳየሁት፤ ድምፄ እየጨመረ ሄዶ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። ልጁ ደነገጠ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጠየቀን።

“እናንተ የጽሕፈት አስተማሪዎች ናችሁ። ለምን አልጻፋችሁም?”

እኔ፣ ለማንኛውም ሰው መልስ የማያልቅብኝ ሰው፣ መልስ አጣሁ። በዚህ ልጅ ላይ እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም፤ የበለጠ የተናደድኩት ደግሞ ጥያቄው ትክክል ስለነበር ነው። ጋሽ እንድሪስ ናቸው የመለሱለት።

“ጻፍን እንጂ ልጄ” አሉት። “‘አለ’ ብለን ነው የጻፍን። ያለዚያ አይበሉማ።”

ልጁ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ረጅም ሪፖርት ጻፈ። የዘር እህሉ መጣ፤ ለማሽላው አልደረሰም፣ ለጤፉ ግን ደረሰ። እትዬ ሰዓዳ ከልጃቸው ጋር ወጥተው ድርሻቸውን ሲወስዱ አየኋቸው። ልጃቸው ከደሴ ተመልሶላቸዋል። እኔን ሲያዩ ስለ ጤንነቴ ጠየቁኝ፤ ስለዚያ ክረምት አንዲት ነገር አላነሡም፤ እህሉን አሸክመውት ወረዱ።

እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ተማሪዎቼ በማረም የምጨክን ሰው እንደሆንኩ ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። በቅርቡ አንዱ ስለ አያቱ ድርሰት ጽፎ አመጣልኝ። አያቱ በዚያ ክፉ ቀን “አለፉ” ይላል። ምን ሆነው ብዬ መለስኩለት። “በጊዜው ችግር ምክንያት” ብሎ አስተካክሎ አመጣ። እሱንም መለስኩለት። ልጁ ሌላ ሰበብ፣ ሌላ ያማረ ቃል ሲያመጣ፣ እኔም በቀይ ስመልስለት፣ በመጨረሻ ተናደደ። ወረቀቱን ከእጄ መንጭቆ፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ተጭኖ፣ “ርቧቸው” ብሎ ጻፈ።

ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።